ከአሥራ አንድ ቀለም በታች

ሠፈሩ «ዱቄት» ይለዋል። የወፍጮ ቤት ሰው ሆኖ አይደለም፤ ቤት ቀቢ ነው። አርባ ዓመት ግድግዳ ሲፍቅ ኖሮ ነጩ አቧራ ከቆዳው ጋር ተዋዶ ቀርቷል። በሠርጉ ቀን እንኳ ሙሽሪት ክንዱን ይዛ ገብታ በነጭ እጅ ወጣች ይባላል።

በአንድ ነገር ግን አይቀለድበትም፤ ግድግዳ ያነባል። በእስፓቱላው ጫፍ ጥፍር የምታህል ልስን ያነሳና ጠርዟን በምራቁ አርጥቦ ወደ ብርሃን ይይዛታል። «እዚህ ክፍል ሁለት ጊዜ ልጅ ተወልዷል። አረንጓዴውን የመረጠው ባል ነው፤ ሚስት በሳምንቱ አስሸፍናዋለች» ይላል። ባልና ሚስት ይተያያሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጠብ ሳይሰማ መሰላሉን ተሸክሞ ይወጣል።

እናቱ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። በዚያ ሰሞን ሐኪሙ ሳንባዋን አይቶ ለእሷ «ዕረፍት ያስፈልግዎታል» አላት፤ ለልጇ ደግሞ ኮሪደር ላይ «ብዙ አይቆዩም» አለው። ጆሮዋ ከሳንባዋ የተሻለ ስለነበር ሁለቱንም ሰማች።

«አንተ ልጅ» አለችው ቤት እንደገቡ። ልጁ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። «የመቃብሬ ድንጋይ ላይ የማን ልጅ ብለህ ልትጽፍ ነው?»

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። አባቷም ቤት ቀቢ ነበር። እሷ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት «ለሦስት ወር ሥራ ነው» ብሎ ወደ ሩቅ ከተማ ሄደ፤ ሦስቱ ወር ሰባ ሁለት ዓመት ሆነ። እናቷ ልጇን ይዛ እንጀራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ስትዞር ቆይታ ወንድሟ ቤት አረፈች። ያሳደጋት ይኸው አጎቷ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቷ ትምህርት ቤት ሄዳ ከስሟ ቀጥሎ ያለውን የአባቷን ስም አሰርዛ የአጎቷን አስጻፈች። ከዚያ ቀን ወዲህ የአባቷ ስም በቤቱ ውስጥ እንደ ስድብ ነበር።

«ፈልጎን ከነበረ የሱን ጻፍ። ካልፈለገን እንደኖርኩት ያጎቴን። ግን ሳልሞት አጣርተህ ንገረኝ።»

«እማዬ፣ የሰባ ሁለት ዓመት ነገር ከየት አመጣለሁ?»

«እኔ ምን አውቄ! ዕድሜህን ሙሉ የሰው ግድግዳ ስትፍቅ ኖረሃል። የራስህን አንድ ቀን ብትፍቅ ምን አለበት?»

ዱቄት መጀመሪያ የሄደው የአጎቷ ልጅ ዘንድ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የቤተሰቡ ታሪክ ያለው እሳቸው ጋ ነው ይባላል። በእርግጥም ነበር፤ ሲዘረጋ ከሳሎን ተነስቶ ኩሽና የሚደርስ ጥቅል ወረቀት። በጥቅሉ መሠረት አያት ቅድመ አያቶቹ ሰባት ወንዝ የተሻገሩት በዘጠኝ መቶ በቅሎ ነው። ወንዞቹም የማን ዘር እንደመጣ ስለገባቸው ቆመው አሳልፈዋል።

«አያቴስ ጋሼ? ቀቢው?»

«እሱማ ኮበለለ። ሌላ አግብቶ ዘጠኝ ልጅ ወልዷል።»

«ማን አየው?»

«ይሄ ደግሞ ማየት ይፈልጋል እንዴ?»

ቀጥሎ መዝገብ ቤት ሄደ። ጸሐፊዋ ከወንበሯ ሳትነሳ «የዚያን ዓመት መዝገብ ውሃ ገብቶበታል» አለችው።

«የሚቀጥለውስ?»

«እሱንም።»

«እመቤቴ፣ ውሃው ያልገባው የት ነው?»

«እዚህ ቢሮ። ጣሪያው ታድሷል።»

እንግዲህ የቀረው እናቱ ናት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የኖሩባቸውን ቤቶች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስቆጠራት። አራት ነበሩ። ሦስቱን መንገድና ፎቅ በልቷቸዋል። አባቷ ጥሏቸው የሄደበት የመጀመሪያው ግን፣ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል ርቆ፣ አሁንም ቆሟል።

«እዛ ቤት በሩ ዳር፣ ከውጭ በኩል፣ የምንሄድበትን ጽፌለት ነበር» አለችው። «እናቴ ፊደል አታውቅም። እኔው በሱ ሰማያዊ ቀለም፣ የከተማውን ስም፣ የሠፈሩን ስም፣ ሁሉን ጻፍኩ። ቢመጣ ኖሮ ያየው ነበር። ስላልመጣ ነዋ!»

ዱቄት መሣሪያውን ይዞ ተሳፈረ።

የቤቷ ባለቤት ደልደል ያሉ ጫማ ነጋዴ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ወርቅ ነው?»

«አይ እትዬ፣ ጽሑፍ ነው።»

«ለጽሑፍ ብሎ ሁለት ቀን የሚጓዝ ሰው የት አለ! ወርቅ ከሆነ እኩል ነው፤ ከአሁኑ ልንገርዎ።»

«ወርቅ ከሆነ ሁሉንም ይውሰዱ። ስጨርስ ደግሞ ፊት ለፊቱን እንዳለ አድሼ ቀብቼልዎት እሄዳለሁ።»

ወይዘሮዋ ይህን ሲሰሙ ይባስ ተጠራጠሩ። ወንበር አስመጥተው ክንዱ ሥር ተቀመጡ፤ የባላቸውን ወንድም ደግሞ በሌላው ጎን አቆሙ። እንዲህ ያለ ጥበቃ ባንክም የለውም።

በሩ ዳር በረንዳ ተሠርቶበት ስለነበር ግድግዳው ዝናብ አላገኘውም። ዱቄት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ የሚደርስበትን ከፍታ ገምቶ መፋቅ ጀመረ። ክሬም ተነሳ፤ ከሥሩ ሮዝ። ከሮዙ ሥር ግራጫ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሌላ ቢጫ። እስፓቱላውን ጥሎ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ ሄደበት። ሁሉን ሲቆጥር አሥራ አንድ ቀለም ሆነ። ከአሥራ አንዱ በታች ነጭ ኖራ ወጣ።

ኖራው ላይ በሚስማር የተጫረ የአዋቂ እጅ ጽሕፈት ነበረ።

«መጥቼ አጣኋችሁ። ወዴት ብዬ ልፈልጋችሁ?» ከሥሩ የአያቱ ስም። ዝቅ ብሎ «ዛሬም መጣሁ።» አሁንም ዝቅ ብሎ፣ ጠመም ብሎ፣ «ዛሬም መጣሁ።»

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮዋ።

ዱቄት ወደ ግድግዳው ይበልጥ ተጠጋ። ሚስማሩ ጠልቆ የገባባቸው ቦታዎች ላይ የኖራው ሥር ይታይ ነበር። ሥሩ ሰማያዊ ነው። አያቱ ቆሞ የጫረው፣ ሳያውቅ፣ ልክ በሴት ልጁ ጽሑፍ ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ኖራ ከጥፍር አይወፍርም።

ማን እንደቀባው ለማወቅ መዝገብ ቤት አላስፈለገውም። የቤተሰቡን ደንብ እሱም በልጅነቱ ተገርፎ ተምሮታል፤ ቀቢ የተከራየውን ቤት ሳይቀባ አይለቅም፣ «ሰው ከኋላችን ቆሻሾች ነበሩ እንዳይል»። ደንቡን ያወጣው ደግሞ አያቱ ራሱ ነው። የኖራው ብሩሽ አካሄድ አጭር አጭርና ዝቅ ያለ ነበር፤ የልጅ እጅ ከማይደርስበት በላይ ያለው ብቻ የአዋቂ ረጅም እጅ ነው። የታችኛውን የቀባ ልጅ ነው።

ልስኑን ዙሪያውን በመሮ ፈልፍሎ እንዳለ አወጣውና በቱታው ጠቀለለው። ቀዳዳውን ደፈነ፤ በቃሉ መሠረትም ፊት ለፊቱን ሁሉ ቀባ። ያን ቀን ብሩሹ የከበደውን ያህል መሰላል ከብዶት አያውቅም። ወይዘሮዋ ቀዳዳው እስኪደፈን ድረስ ውስጡን በባትሪ ሲያዩ ነበር።

በአውቶቡሱ አንድ ቀን ተኩል ሙሉ፣ «ማን ቀባው?» ብትለው የሚላትን ውሸት ተለማመደ።

«መጥቷል እማዬ» አላት፣ ልስኑን ጭኗ ላይ አስቀምጦ። «ሦስት ጊዜ።»

በጣቷ ጭረቱን ተከተለች።

«ታዲያ የኔን ጽሑፍ ለምን አላየም?»

«ኖራ ነበረበት።»

«ማን ቀባው?»

«አከራዩ ይሆናላ።»

«አከራይ ነው እንዴ እኛ ስንወጣ የሚቀባው? ለማን ነው የምታወራው አንተ!» ሳል አቋረጣት። ሲለቃት ድምፅዋ ቀነሰ። «እናቴ ውስጡን ትቀባ ነበር። ፊት ለፊቱ የኔ ነው። ከፍ ያለውን ብቻ እሷ ትጨርስልኛለች። ማታ ጻፍኩ። ጠዋት ቀሰቀሰችኝና ብሩሹን ሰጠችኝ… ቀባሁ። ጎሽ አለችኝ።»

ዱቄት የተለማመደው ውሸት ለዚህ አልተሰፋም።

«የኔን አውጣልኝ» አለች።

«የሱ እላዩ ላይ ነው እማዬ። ያንቺን ላውጣ ካልኩ የሱ ይረግፋል።»

ልስኑን ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። በጭረቶቹ ውስጥ ሰማያዊው ነጠብጣብ ነጠብጣብ ይታያል፤ አንድም ፊደል አይሞላም።

«እሱ ሦስቴ ተመላልሶ ያላየውን እኔ ልየው? ተወው።» ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «ስሙን ጻፍ።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አረፈች። በእነዚያ ቀናት ውሃ ከመጠየቅ በቀር ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ድንጋዩን ዱቄት በገዛ እጁ ጻፈው፤ ስሟን፣ ከስሟ ቀጥሎ የአባቷን። ጡረተኛው መምህር ቆመው አነበቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡ። ፊታቸው ጠቆረ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም በቅሎ አላነሱም።

«ያበላት አባቴ ነው» አሉ። «ያስተማራት አባቴ ነው። ስሙንም ወዳ ነው የወሰደችው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ፈልጓት ነበር። ሦስት ጊዜ መጥቷል።»

«ከፈለጋት ለምን አላገኛትም?»

«ቤቱ ተቀብቶ ነበር።»

መምህሩ ማብራሪያ ጠበቁ። ዱቄት ባልዲውን አንስቶ ብሩሹን ያጥብ ጀመር።