ሦስት ዓይነት ያልኳቸው ሁለት ዓሦች

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ከድር መረብ፣ አጉሊ መነጽርና ባዶ መዝገብ ሰጡኝ። ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ ያለው ሱቃቸው የሚሸጠው የጌጥ ዓሣና የአኳሪየም ዕቃ ነው። "ስም የሌለው ዓሣ ገዢ የለውም" አሉኝ። እስከዚያ ድረስ ስም አውጪው ራሳቸው ነበሩ፤ ግማሹ ዓሣ "ሙሽራው"፣ ግማሹ "የጃፓኑ" ይባል ነበር። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛን በአርባ ዓመቴ በማታ ትምህርት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ በግምት የተጻፈ ነገር ያመኛል።

የሚያስቸግሩኝ ድንክ ሲክሊድ የሚባሉት ዓሦች ነበሩ። ከጣት አይበልጡም፤ ከሌላ ዓሣ ጋር ተደባልቀው፣ ዝርዝሩ ላይ ሳይጻፉ ይመጣሉ። የጀርባ ክንፋቸውን እሾህ እቆጥርና ከመጽሐፍ ጋር አስተያያለሁ።

አንድ ሰኞ ሁለት መጡ። አንዱ ሰማያዊ፣ ክንፉ ረጅም፤ ሌላዋ ትንሽ ግራጫ። "ሁለት ዓይነት" ብዬ መዘገብኩ። አንድ ገንዳ ውስጥ ከትቼም እንዳይጣሉ በመካከላቸው መስታወት አቆምኩ።

ጋሽ ከድር፣ "እስከ ቅዳሜ ካላወቅሻቸው ስሙን እኔው አወጣለሁ፤ አንቺ ፓምፕ ትሸጫለሽ" አሉ።

ዓርብ ጠዋት ስገባ መስታወቱ ወድቋል። ሰማያዊው ጥግ ይዟል፤ አንዲት እንደ ሎሚ ቢጫ የሆነች ዓሣ ታሳድደዋለች።

"ጋሼ፣ ሳይነግሩኝ ሌላ ጨመሩ?"

"ወላሂ እጄን አላስገባሁም! ግራጫዋስ?"

የለችም። መዝገቡ ላይ "ሦስተኛ ዓይነት፤ ቢጫ፤ ግራጫዋን በልታለች" ብዬ ጻፍኩ።

"በዚያች አፍ?" አሉ ጋሽ ከድር።

"ቀስ በቀስ" አልኩ።

ጎረቤታችን ቅመም ነጋዴዋ እትዬ ወይንሸት ጭቅጭቃችንን ሰምተው ገቡ። መነጽሬን ተቀብለው አጎነበሱ።

"የምን መብላት? ራሷ ግራጫዋ ናት እኮ! አራስ ሆና ነው። ባሏን ከቤት አስወጥታዋለች!"

እውነትም፣ እንዲደበቁበት ያስገባሁት የሸክላ ስባሪ ውስጥ ቀያይ እንቁላሎች ተለጥፈዋል።

"የት አነበቡት?" አልኳቸው።

"ሰባት ወልጄ ደግሞ ላንብብ?"

መጽሐፉን ገለጥኩ። ሴቷ እንቁላል ስትጠብቅ ቢጫ እንደምትሆን በግርጌ ማስታወሻ ተጽፏል። የግርጌ ማስታወሻ ዘልዬ የማላውቅ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ገንዳው ላይ "ባልና ሚስት፤ ስማቸው እየተጣራ ነው" የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ጋሽ ከድር ቆመው አነበቡት።

"ይሄ ስም ነው?"

"አይደለም ጋሼ። እስካሁን የማውቀው ግን ይሄን ብቻ ነው።"

"በይ ፓምፑን ተይው" አሉ። "መጀመሪያ ያቺን የተበላችውን ከመዝገቡ ሰርዢልኝ።"

ሰረዝኩ። ከዚያ ወዲህ ስም ከመፈለጌ በፊት ስንት እንደሆኑ እቆጥራለሁ።