እስከ ጉልበት የተሠራ ደፍ

ሰፈሩ ቁልቁለት ላይ ነው። ላይ የዘነበው ሁሉ ታች ይወርዳል፤ ይህን ለማወቅ መማርም አያስፈልግም። ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ሰው የሚታየው የራሱ በር ብቻ ነው። ከራስ በላይ ነፋስ አይደል? ከላይ ያለው ሹፌር የበሩን ደፍ በድንጋይና በሲሚንቶ ከፍ አስደረገ፤ ጎርፉ ልብስ ሰፊዋ ቤት ገባ። እሷም አስደረገች፤ ጎርፉ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ። ደፉን ሁሉ የሚሠራው ደግሞ አንድ ግንበኛ ነበር። የግንቡን መዛነፍ የሚያይበትን ውሃ ልኩን ከእጁ ስለማይለይ ሰፈሩ “ውሃ ልክ” ይለዋል።

ታዲያ የመጨረሻዋ ቤት የማን ናት? የገዛ እህቱ።

እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ ይል ነበር። እህቱ የሰው ልብስ እያጠበች፣ ሳታገባ ሳትወልድ፣ ለወግ ለማዕረግ አበቃችው። አሁን ዳሌዋ ተሰብሮ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ያለቻት አንዲት ክፍል ናት፤ የጀርባው ግድግዳ አፈር ተደግፎ የቆመ ነው። እኔ ጋ ኑሪ ቢላት፣ ሚስትህን አላስቸግርም፣ በቤቴ ልሙት ብላ እምቢ አለች። ግትርነት ቢሸጥ ሁለቱም ሀብታም በሆኑ ነበር።

ባለፈው ክረምት ጎርፍ ገብቶ ፍራሿን አበሰበሰው። ሳል ያዛትና እስከ በጋ አልለቀቃትም። ሐኪሙም፣ ሌላ እንዲህ ያለ ክረምት አትችልም አለው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ልክ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ዓይኑ ወደ ታች፣ ወደ እሷ ቤት ይሄዳል። ጎርፉን በገዛ እጁ ወደ እሷ እንደነዳው ያውቃል፤ ማንም እንዲነግረው አላስፈለገም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የእሷን ደፍ እስከ ጉልበት ሠራው። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች።

“አንተ፣ ይኼን እንዴት አድርጌ ነው የምሻገረው?”

“የት ልትሄጂ ነው እትዬ? ጠዋት ማታ እየመጣሁ አወጣሻለሁ።”

“ቢገባስ? በየት ይወጣል?”

“አይገባም አልኩሽ።”

“አይ የኔ ጌታ፣ ውሃ አንተን ይሰማል?” አለችና ሳቀች።

ሌላ ቤት ቢሆን ከሥሩ መፍሰሻ ይተው ነበር። የቀን ሠራተኞቹን “መፍሰሻ የሌለው ግንብ ጉድጓድ ነው” እያለ የሚቆጣ ሰው ነው። የእህቱ ሲሆን ግን ፈራ። በቀዳዳው ይገባባታል ብሎ ደፈነው። መውደድ ሰውን ያጃጅለዋል፤ ምን ይደረግ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። ውሃ ልክ ሌላ ሰፈር ግንብ ላይ ነበር፤ ሥራውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ከሩቅ ሲያይ ጎርፉ ከደፉ እየተጋጨ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ጠብታ አላሳለፈም። “ተመስገን” አለ፣ ልቡ መለስ አለለት።

ጠጋ ሲል እጅ አየ። በሩ ተከፍቶ፣ እህቱ አንድ ክንዷን በደፉ ላይ ወደ ውጭ ጥላለች፤ ፊቷ ግን ውስጥ፣ ውሃው ውስጥ ነው። የጀርባው ግድግዳ ከሥሩ ተቦርቡሮ፣ ውሃው በዚያ ገብቶ፣ መውጫ አጥቶ እስከ ደፉ ጫፍ ሞልቷል። ልትሻገር ሞክራ እግሯ አልነሳ ብሏት ወድቃለች። ሲያነሳት ሰውነቷ ቀዝቅዞ ነበር።

ሹፌሩና ልብስ ሰፊዋ ደርሰው ተሸክመው አወጧት። ከቀብር መልስ ሰፈሩ ተሰብስቦ፣ ከላይ እስከ ታች የጋራ ቦይ እንቆፍር ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ውሃ ልክ ስብሰባው ላይ አልተቀመጠም። ትልቁን መዶሻ ይዞ ወርዶ ደፉን ይመታ ጀመር። ለሰው ሲሠራ አንድ ሲሚንቶ በአራት አሸዋ ነበር የሚያቦካው፤ ለእሷ ግን ሳስቶላት፣ እንዲጠነክር ብሎ አንዱን በሁለት አድርጎት ነበር። እያለቀሰ መታው፣ መዳፉ እስኪላጥ መታው። ሲመሽ ከጠርዙ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነበር የወደቀው።