ያልተመረቀ ውሃ

«እናቴ፣ የቧንቧ ውሃ ካላስገቡ ቤቱ ይታሸጋል» አለኝ ከጤና ቢሮ የመጣው ተቆጣጣሪ፣ የሠራሁለትን ጨጨብሳ እየበላ። አዎ፣ እየበላ! መጀመሪያ እንደ ሰው ቁርሱን አዘዘ፣ ማር ጨምሪልኝ አለ፣ ጨመርኩለት። ከዚያ ነው መታወቂያውን ያወጣው።

ቁርስ ቤቴ ሱሉልታ፣ ዋናው መንገድ ዳር ነች። ቤት ስላት ያው ጥቂት ጠረጴዛና አንድ ምድጃ ናት፤ ባሌ ከሞተ በኋላ ግን ልጆቼን ያስተማርኩት በእሷ ነው። ትንሿ ልጄ ገና ዩኒቨርሲቲ ናት። ቤቷ ከተዘጋች እኔ ዕቃ ሰብስቤ ሰው ቤት ነው የምገባው፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ከደጄ ቆሜ ቀና ስል የሚታየኝ የውሃ ፋብሪካው በር ነው። የታሸገ ውሃ የጫነ መኪና ቀኑን ሙሉ እየወጣ አቧራውን አልብሶኝ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኛ ሰፈር ግን ቧንቧ ውስጥ የሚሰማው ነፋስ ነው፤ እኔም ከጋሪ በጀሪካን እገዛለሁ። እንግዲህ ውሃው ታሽጎ ሄደ፣ ቀጥሎ ደግሞ እኔ ልታሸግ ነው። ሳቄ መጣ። ተቆጣጣሪው ደንገጥ ብሎ አየኝና «እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥቼዎታለሁ» ብሎ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሱ ነው የበለጠ የሚያናድደው።

ውሃ አልነበረም ብል ደግሞ መዋሸት ነው። ከደጄ መንገዱን እንደተሻገሩ ቦኖ አለ። የሰፈሩ ሰው ፋብሪካውን ለዓመታት «ከእግራችን ሥር ቆፍራችሁ እያወጣችሁ ለእኛ እንጥፍጣፊ እንኳ?» ብሎ ሲለምን፣ ሲያለቅስ፣ ሽማግሌ ሲልክ ኖሮ በመጨረሻ ተሠራ። ያውም እንዴት ያለ! ሴራሚክ የለበሰ፣ ጣራ ያለው፣ ቧንቧዎቹ የሚያብለጨልጩ። ውሃውም ደርሷል፤ ጆሮዬን ብረቱ ላይ አድርጌ ሰምቼዋለሁ። ግን የቧንቧዎቹ አፍ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ዋናው መክፈቻ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት ተቀምጧል። ለምን ሲባል፣ አልተመረቀማ!

ፋብሪካው ሄድኩ። የሕዝብ ግንኙነቱ ከረባት ያሰረ ትሁት ወጣት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ቀዝቃዛ የታሸገ ውሃም ሰጠኝ። «እኛ እኮ ጨርሰናል እትዬ። ግን መንግሥት ሳይመርቀው ብንከፍተው እንደ ንቀት ይቆጠርብናል። ነገ ስለ መብራት እንለምናቸዋለን፣ ስለ ማስፋፊያ መሬት እንለምናቸዋለን» አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ እንኳ ደስ አለኝ።

ውሃ ቢሮ ሄድኩ። «ርክክቡ በምረቃው ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ በእኛ በኩል ቦኖ የለም» አሉኝ።

«ኧረ በዓይኔ እያየሁት!»

«በእኛ በኩል ነው ያልነው።»

አስተዳደሩ ጋ ስሄድ ጉዳዩን የያዘው ክፍል ወደ ቡራዩ ተዛውሯል ተባልኩ። ከሱሉልታ ቡራዩ መሄድ ማለት እንጦጦን ወርዶ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ታክሲ ቀይሮ፣ ተሰልፎ፣ በሌላ በኩል እንደገና መውጣት ነው። ምድጃዬን አጥፍቼ፣ የቀኑን ገበያ ትቼ ደረስኩ። አንዲት ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «የሚመርቁት ክቡርነታቸው ፕሮግራም ሲኖራቸው ይነገራችኋል» አለችኝ። ወገቤን ይዤ ተመለስኩ። ሰበታ ያለችው እህቴ ጋ ደውዬ ሆዴን ሳበርድ «አንቺ ደግሞ! እኛ ጋ ትምህርት ቤት ተሠርቶ ምረቃ ሲጠብቅ ቀለሙ ረገፈ» ብላ ሳቀችብኝ። ለማጽናናት መሆኑ ነው።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ፕሮግራሙ ተገኘ ተባለ። የዕድሩ ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ሪባን ተወጠረ። እኔ እንዳቅሚቲ ዳቦ ደፋሁ። ሽማግሌዎቹ ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ፊት ተቀመጡ። ጠበቅን። ፀሐዩ ከረረ፣ ሰዉ ጠማው። ይሄኔ ባለ ከረባቱ ልጅ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የታሸገ ውሃ በካርቶን አስመጥቶ አደለን! ውሃ በሞላው ቦኖ ዙሪያ ተቀምጠን የታሸገ ውሃ ጠጣን። ሰውም «እግዜር ይስጥልን» አለ፤ እኔም ብያለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ጠምቶኛል።

ከቀትር በኋላ ለባለ ከረባቱ ስልክ ተደወለለት። ልጁ አናግሮ ሲጨርስ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ክቡርነታቸው አስቸኳይ ስብሰባ ገብተዋል። ፕሮግራሙ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል።»

ደሜ ፈላ። ነገ ቤቴ ሊታሸግ ነው፣ ይሄ ላልተወሰነ ጊዜ ይለኛል! ብድግ ብዬ ምን እንዳልኩ እንኳ አላውቅም፤ ጮህኩ ብቻ። ሴቶቹ ጎትተው አስቀመጡኝ።

ከሽማግሌዎቹ መካከል ሁላችንም «ኦቦ» ብለን ብቻ የምንጠራቸው አሉ። ፋብሪካው ያረፈበት መሬት የእሳቸው ማሳ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ ሻይ ይጠጣሉ። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ስለሚል ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ኢንተላ ኮ፣ ማል ኤጋ ጂራ? ልጄ፣ ምንድን ነው የምንጠብቀው?» አሉኝ።

«ምረቃ ነው ኦቦ።»

«ምረቃ? ኤባ? ምርቃቱን ነው?»

«አዎ፣ ኤባ።»

ሽማግሌው ከልባቸው ተገረሙ። «ታዲያ እኛ ምን ልንሠራ ነው የመጣነው? መመረቅ የሽማግሌ ሥራ አይደለም እንዴ? አልጠየቃችሁንም እኮ!» አሉና ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሰው ሁሉ ተከትሎ ቆመ። እጃቸውን ዘረጉ። «ነጋ ሃ ታኡ!» ሰላም ይሁን ሲሉ ሕዝቡ «ሃ ታኡ!» አለ። «ቢሻን ኩን ካን ሁንዳ ሃ ታኡ!» ይህ ውሃ የሁሉም ይሁን አሉ። «ሃ ታኡ!» «አሜን!» ድንኳኑ ተናወጠ። ለፋብሪካው መረቁ፣ ለመንግሥት መረቁ፣ ለቀረውም ሰውዬ ሳይቀር እንጀራ ይውጣለት ብለው መረቁ። ሲጨርሱ ቁልፉን ወደያዘው የቦኖው ዘበኛ ዞረው «ተመርቋል፣ ክፈት» አሉት።

ባለ ከረባቱ «ኧረ በሕግ አምላክ! አልተመረቀም!» እያለ ሮጠ። ዘበኛው ግን የሰፈራችን ሰው ነው፤ አሁን «ሃ ታኡ» ብሎ ጮኾ ወዲያው ሊክድ አልቻለም። ጓጉንቸሩን ፈታው። ውሃው መጀመሪያ ተንፈቀፈቀ፣ ከዚያ ተንዶለዶለ። እልልታው! እኔማ አለቀስኩ። ማታውን የልጆቼ ጓደኞች የውሃ ጎማ ጎትተው በመንገዱ ሥር ባለው ቦይ አሻግረው ደጄ ድረስ አስገቡልኝ፤ ቧንቧ ተከሉልኝ፣ ሥሩ ሳሙና አስቀመጥኩ።

በነጋታው ተቆጣጣሪው መጣ። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ሰላም ሳልለው «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አልኩት። እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ ታጠበ፣ በሳሙና ደገመ። «ጎበዝ እናት! ግፊቱም ጥሩ ነው» አለኝ። «ከየት ሳቡት?»

«ከቦኖው ነዋ።»

ፊቱ ልውጥ አለ። «ያ ቦኖ እኮ አልተመረቀም።»

«ትናንት ተመረቀ! ሽማግሌ መረቀው!»

«እሱማ ሰምቻለሁ። ግን ጠዋት ውሃ ቢሮ ደውዬ ነበር፤ በዚህ ቦታ ውሃ የለም ነው የሚሉት። የለም የተባለን ውሃ አለ ብዬ ብጽፍ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ይረዱኝ፣ እናቴ።»

«እጅህ እኮ እየተንጠባጠበ ነው!» አልኩት። እጁን አየ። እውነትም እየተንጠባጠበ ነበር። ከቦርሳው ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት አወጣ፤ «ውሃ ስለሌለው ታሽጓል» ይላል። የቤቴ በር ላይ ሊለጥፈው ሞከረ። ወረቀቱ ከእጁ እርጥበት ተነክሮ ቀለሙ ወረደ፣ ተጨማዶ መሬት ወደቀ። አንስቶ ደገመ፣ አልያዘለትም። ወደ እኔ ዞሮ እንደማፈር ብሎ «እናቴ፣ ፎጣ ይኖርዎታል?» አለኝ።

ትከሻዬ ላይ የነበረውን አውርጄ ሰጠሁት። እጁን በደንብ አደረቀ፣ አመሰገነኝ፣ ሌላ ወረቀት አወጣና ቤቴን አሸገ።