የቦርዶው ወይንና የሚኤሶ ውሃ

ዛሬ ምሳ ላይ አንድ ሰው የወይን ብርጭቆ ሲያሽከረክር አየሁና ደሜ ፈላ። ሰውዬው ምንም አላጠፋም፤ አንድ የደርግ ጊዜ ባለሥልጣን፣ ጓድ የምንለውን፣ አስታውሶኝ ነው።

ድርቅ ነበር። ጓዱ በድርቅ ለተመታችው ሚኤሶ የውሃ ቦቴ ስለመላክ ሊወስን ከአዲስ አበባ አሰበ ተፈሪ መጣ። እኔ የግብርና ሠራተኛ ስለነበርኩ ለእሱ በተዘጋጀው እራት ላይ ተጠራሁ።

ያረጀ የፈረንሳይ ቦርዶ ቀይ ወይን ይዞ ነበር። ጠርሙሶቹ መንገድ ላይ እንዳይናጡ በምን የጠቀለላቸው ይመስላችኋል? በእርዳታ ብርድ ልብስ!

ሾርባ ቀረበ፣ ላዛኛ ተከተለ፣ ከዚያ አሮስቶ። ለየምግቡ ሌላ ጠርሙስ ይከፈታል።

ከሚኤሶ የመጡት ሽማግሌ፣ ሐጂ ዑመር፣ ስለ ውሃ ቦቴው ሊናገሩ ሲጀምሩ ጓዱ «ቆይ አባቴ፣ መጀመሪያ ወይኑ አየር አግኝቶ ይተንፍስ» አላቸው።

(ሰው ትንፋሽ አጥሮት እሱ ወይን ያስተነፍሳል!)

ከዚያ አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ቀብሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አቤት! ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል» አለ።

ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። «ወላሂ እኔ አልጠጣም፣ ሐራም ነው። ግን አምጣ፣ ላሽትተው። እኛ ጋ ይሄ ሽታ ከጠፋ ቆየ።»

ሁላችንም አቀረቀርን። ጓዱ ግን ስቆ «ጥሩ ቀልድ ነው» አለና ያን ሁሉ ያሸተተውን ወይን እንደ ጠላ ጨለጠው።

ሐጂ ተነስተው ወጡ። በማግስቱ ሚኤሶ አስፋልት ላይ ቆመው የጭነት መኪና ሹፌሮችን እየለመኑ ውሃ በበርሜል አስመጡ። የጓዱ ቦቴ እስከ ዛሬ አልደረሰም።

እናንተስ እንዲህ ያለ ጓድ ገጥሟችሁ ያውቃል? ስሙን ተዉት፤ የበላውን ብቻ ጻፉልኝ።