ዳለቻዋ ላም

የእስር ቤቱ ክፍል ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ፍራሾቹን ነው። ስድስት ነበሩ፤ ሰው ግን ስምንት። ብርዱ የማሽን ብርድ ነው። ውጭ ምድሩ እየነደደ እኛ እግራችንን በፎጣ ጠቅልለን እንቀመጣለን። የያዙኝ አቡ ዳቢ ከተማ ውስጥ፣ መዲናት ዛይድ ነው፣ ከጁምዓ በኋላ። ሠላሳ የምንሆን ያገር ልጆች ያገራችን ጦርነት ይብቃ ብለን ቆመን ነበር። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው አሉን። ክልክል መሆኑን ሰምቼ ነበር። ሄድኩ። ዛሬም ቢሆን እሄዳለሁ።

እኔ አል ዐይን የቴምር እርሻ ጠባቂ ነበርኩ። ልጄ ደግሞ አቡ ዳቢ፣ ኸሊፋ ሲቲ፣ ሰው ቤት ትሠራለች። በወር አንድ ጁምዓ አውቶቡስ ተሳፍራ ትመጣለች። የእርሻው ቦይ ዳር ተቀምጠን ውሃው ሲሄድ እያየን ምሳ እንበላለን፤ ሳይመሽ ትመለሳለች። ከታሰርኩ በኋላ ከሷ በመኪና ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ቦታ ላይ ሆንኩ። በዚያ አገር ስኖር እንደዚያ ቀርቤያት አላውቅም።

ከመያዜ በፊት ስትመጣ አንድ ነገር ነግራኝ ነበር። በስልኳ ሥራ አግኝታለች፤ ቤት ተቀምጦ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ መተርጎም። ወሩ ሲያልቅ ከአሠሪዋ ከማዳም ጋር ያላት ውል ያበቃል። "አላድስም አባዬ። አል ዐይን ክፍል ይዘን አብረን እንኖራለን" አለችኝ። ደስ አለኝና ምንም ሳልጠይቃት ቀረሁ። ሥራው ውሸት ቢሆን ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ መንገድ ላይ እንደምትቀር ያሰብኩት እዚያ ፍራሽ ላይ ተኝቼ ነው።

አጠገቤ የሚተኛው ሰውዬ ያገሬ የወሎ ሰው ነው፤ ታይፒንግ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሲተረጉም የኖረ። ጉዳዩን ነገርኩት።

"ማን ነው የቀጠራት?"

"በቴሌግራም የሚጽፍላት ሰው ነው።"

"ድምፁን ሰምታዋለች?"

"እኔ እንጃ። ለፈተና አሥር ገጽ ሰጥቷታል፣ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን። ካለፈች የፓስፖርቷንና የባንክ ካርዷን ፎቶ ትልካለች።"

ጢሙን አሻሸ። "የካርዱ ነገር አላማረኝም። ግን ጋሼ፣ እዚህ ተቀምጠን ውሸት ነው ብንላት ትሰማናለች?"

"አትሰማም። የኔ ልጅ ናት።"

ሳቀ። "እንግዲያው ራሷ ትየው። ሥራዋን የሚፈልግ ሰው የጻፈችውን ያነበዋል። እኔ አሠሪውን ካላወቅኩት መሐል ላይ የማይገናኝ ወሬ እሰካበታለሁ። ያነበበ ይጠይቀኛል። ያላነበበ ጎበዝ ይለኛል።" ትንሽ አሰበና፣ "አንቱ ቤት ላም ነበረች?" አለኝ።

ስልክ በሳምንት አንዴ ነው፣ አምስት ደቂቃ። ተራዬ ሲደርስ ደወልኩ።

"አባዬ፣ ደህና ነዎት? ይበላሉ?"

"እበላለሁ። ፈተናውን ልከሻል?"

"ነገ ነው።"

"ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ ዳለቻዋ ላማችን ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍታለች ብለሽ ጻፊበት።"

 "አባዬ፣ መቱዎት እንዴ?"

"አልመቱኝም። ጻፊ።"

"ስለ ልብስ ማጠቢያ እኮ ነው። ላሟ ምን ልትታጠብ ትመጣለች?"

"ካነበቡት ይጠይቁሻል። አባቴ ነው ያስጻፈኝ፣ ትንሽ ያመዋል በያቸው።"

"ብወድቅስ?"

"በኔ ይሁን።"

ያን ሳምንት ስለ ላሟ እንዲጠይቋት ዱዓ አደረግኩ። ሥራው እውነት እንዲሆን ከኔ በላይ የፈለገ የለም። ክፍሉን በሐሳቤ ተከራይቼ ጨርሼ ነበር፤ የሷ ፍራሽ በመስኮቱ በኩል፣ የኔ በበሩ በኩል።

በሚቀጥለው ተራዬ ስደውል ከጀርባዋ ሳህን ይንቋቋል።

"መልስ መጣ አባዬ። በጣም ቆንጆ ሥራ ነው፣ አንድ ስሕተት የለውም አሉ። ፓስፖርቱን ዛሬውኑ ላኪ አሉ።"

"ላሟስ?"

 የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

"ላሟን አላነሷትም" አለች። ከዚያ፣ "እንግዲህ ለማዳም ሁለት ዓመት ልፈርምላት ነው።"

"ፈርሚ" አልኳት። በሐሳቤ የተከራየሁትን ክፍል በዚያች ቃል ለቀቅኩት። ፍራሾቹን እንዴት አስቀምጬ እንደነበርም ነገርኳት። ነግሬያት ስጨርስ ደቂቃው አለቀ።

በሁለተኛው ወር አንድ የዐረብኛ ወረቀት አምጥተው ጣትህን አሳርፍ አሉኝ። በስልክ ካስተርጓሚ ጋር አገናኙኝ። "አባት፣ ምንም የለበትም፣ ይፈርሙ" አለኝ። አንብበኸዋል ወይ አልኩት። ወረቀቱ እሱ ጋ የለም። እንግዲያው አላሳርፍም አልኩ። መኮንኑ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ በመጨረሻ ያን የታይፒንግ ቢሮውን ሰውዬ አስጠራልኝ። መስመር በመስመር ተረጎመልኝ። አንዱ ላይ፣ ሰዎቹን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ ይላል። "ሄድኩ እንጂ አልሰበሰብኩም" አልኩ። ሌላ አትመው እስኪያመጡ ግማሽ ቀን ጠበቅኩ። ወንበር ሰጥተውኝ ነበር፤ መቆም ፈለግኩ። አዲሱን እንደገና አስነብቤ ጣቴን አሳረፍኩ።

ወዳገሬ ላኩኝ። አውሮፕላኑ ሲነሳ የኸሊፋ ሲቲ ጣሪያዎች ከታች ታዩኝ። የልጄ የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም።

ልጄ ሁለት ዓመቷን ጨርሳ ሌሎች የትርጉም ሥራ አሠሪዎችን ሞከረች። ለነዚህም ላሟን ሰካችባቸው። አንድ ቀን ደወለች፤ እየሳቀች ነው፣ ድምፅዋ ግን የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ነበር።

"አባዬ፣ ላሟን አገኟት።"

በቀይ አስምረውበት፣ ይህ ከየት መጣ ብለው ጽፈውላታል። ኢቃማዋንም እነሱ ጨረሱላት። አሁን አል ዐይን አንድ ክፍል ይዛለች፣ ከቴምሩ እርሻ ብዙ አይርቅም። እኔ ተመልሼ መግባት አልችልም። በጁምዓ ስልኳን ይዛ ቦዩ ድረስ ትሄድና ውሃውን ታሰማኛለች።

ፍራሿን በመስኮቱ በኩል አድርጋዋለች። በበሩ በኩል ዕቃ አላስቀመጠችም።