ቻቻላካዎቹና ይሉኝታዬ

ጠዋት ጠዋት ከምኖርበት ከአልትሽቴተን ሰፈር ተነስቼ የምሄድበት ሥራ ዙሪክ ያለ ትልቅ የመስታወት አዳራሽ መጥረግ ነበር። ውስጡ የሞቃት አገር ደን ተተክሎበታል፤ ውጭ በረዶ ሲጥል እኔ ላብ በላብ ሆኜ መተላለፊያውን እጠርጋለሁ። ሥራውን ወድጄዋለሁ።

ያስመረሩኝ ቻቻላካዎቹ ነበሩ። ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ፣ ዶሮ የሚያህሉ፣ ቡናማ፣ ጅራታቸው ረጅም ወፎች ናቸው። በአገራቸው አዳኝ ለሥጋቸው ያሳድዳቸዋል አሉ፤ እንዲህ እየጮሁ እንዴት እንዳላለቁ እግዜር ይወቀው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበላል፣ ከዚያ ሁሉም ይንጫጫሉ፣ ጆሮ ጭው ይላል። የወንዱ ድምፅ የጎረነነው የአየር ቧንቧው ረጅም ስለሆነ ነው ብለው ያስረዱኝ የወፎቹ ኃላፊ ናቸው፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ወሬ የማያበዙ ስዊስ ሴትዮ።

ውሎ አድሮ ጩኸቱን ለመድኩት። አንድ ሳምንት አንዷ ሴት ወፍ ጠፋች። መጥረጊያዬን ይዤ ሳንጋጥጥ ሐረግ መሀል እንቁላል ታቅፋ አገኘኋትና ለኃላፊዋ ነገርኳቸው። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በማግስቱ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ሲዘሉ፣ እናትየው ፍሬ በአፏ ስታጎርሳቸው ሁለታችን ቆመን አየን። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ያኔውኑ ኃላፊዋ ወፎቹን ለመንከባከብ ሌረ፣ ማለትም እየሠሩ የሚማሩበት ቦታ፣ እንዳለ ነገሩኝና ትፈልጊያለሽ ወይ አሉኝ። ሁለት ዓመት የጸለይኩበት ነገር ነው። እኔ ግን መሬት መሬት እያየሁ፣ አይ፣ በእኔ የተነሳ አይቸገሩ አልኳቸው። እኛ ዘንድ መቼም አንድ ጊዜ ሲጠይቁት እሺ የሚል ሰው ስግብግብ ነው፤ በሞቴ እስኪባል ይጠበቃል። እሳቸው እሺ ብለው ሄዱ። በሞቴ የሚል ከየት ይምጣ!

ሦስት ቀን ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ዓርብ ሌላ አመልካች እንደሚመጣ ስሰማ በራሴ በገንኩ። ሐሙስ ቢሯቸው ገባሁ።

"ቦታውን እፈልገዋለሁ። ያን ቀንም እፈልገው ነበር።"

"ታዲያ ለምን አይ አልሽ?"

ደግመው ይጠይቁኛል ብዬ ነው አልኳቸው። የማመልከቻውን ቅጽ ሰጡኝ፤ ዓርብ ለእኔም ለሌላው አመልካችም ቃለ መጠይቅ አደረጉልን። በሳምንቱ ቦታው የአንቺ ነው አሉኝ። ውሉን ስፈርም አጠገቤ ቆመው፣

"ያን ቀን ከእኔ ጋር መሥራት የጠላሽ መስሎኝ አዝኜ ነበር" አሉኝ።

እኔ እኮ እሳቸውን ላለማስቸገር ብዬ ነበር።