የሎሬቶው ጭነት

ስለት የሚከፈለው ሲሰምር ነው። እኔ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር ስላልፈጠረብኝ ቀድሜ ልከፍል ተነሣሁ። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ከታሰረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ደርግ ማንን መቼ እንደሚፈታ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ለእመቤታችን፣ ከሮም ሎሬቶ ድረስ በእግሬ መጥቼ ደጅሽን እስማለሁ፣ አንቺም ወንድሜን አስፈቺልኝ አልኳት። ኦርቶዶክስ ሆነሽ የካቶሊክ ደጅ ምን አስኬደሽ ላሉኝ፣ ማርያም ያው ማርያም ናት ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው።

የማገለግላት ሲኞራ ስንት ተለምና የአሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ሰጠችኝ። ጉዞውን የሚመሩት ሮም የሚማሩ አንድ የአገራችን ካህን ነበሩ። «ከሰባት ኪሎ በላይ ያዘለ ሰው አብሮኝ አይነሣም» ብለው ቁርጡን ነገሩን። እኔም በሲኞራ የወጥ ቤት ሚዛን ዕቃዬን አንድ በአንድ መዘንኩ። አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ካልሲ፣ ነጠላ፣ ትንሽ በሶ። ሳሙናውን እንኳ ለሁለት ቆረጥኩት። ስድስት ኪሎ ተኩል ሲመጣ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ልንነሣ፣ ሐሙስ ከሰዓት ጓደኞቼን ልሰናበት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ። ሐሙስ የእኛ የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ነው። ታላቃችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አስታቀፉኝ። ስፈታው ዘርፋም የከፋይ ጥላ!

«የማርያም ስለቴ ነው፤ አድርሺልኝ።»

«እትዬ፣ በእግሬ እኮ ነው የምሄደው!»

«በእግርሽ ስትሄጂ እጅሽ ምን ይሠራል?»

አንዷ እቅፍ ሙሉ ጧፍ ሰጠችኝ። ሌላዋ መስታወት ያለው ሥዕል አመጣች። ጣልያንኛ ቀላቅዬ «አሎራ፣ እንግዲህ ፖስታ ቤት አደረጋችሁኝ?» ብል ማንም አልሳቀም። ስለት አላደርስም አይባል ነገር! እየተነጫነጭኩ ተሸክሜ ገባሁ።

ክብደቱ እንዲቀንስ ቅያሪውን አወጣሁ፣ በሶውን አወጣሁ፣ ምንም ጠብ አላለም። ዓርብ ለእትዬ ደውዬ «ጥላውን ልመልስልዎት» ብላቸው፣ «እንግዲያው ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አድርጊዋ» አሉኝ። በንዴት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ታላቅ ሰው ላይ እንዲያ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ካህኑ ሻንጣዬን በመንጠቆ ሚዛን አንጠለጠሉት። አሥራ አንድ ኪሎ።

«ይህን ትተሽ ነይ።»

«የሰው ስለት ነው አባ፣ የት እጥለዋለሁ?»

«እንግዲያው ቅሪ» ብለው ሰዉን አስከትለው ሄዱ። እኔ ጥላዬን ታቅፌ መንገድ ዳር ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ሴቶቹን አንድ በአንድ ስረግም ዋልኩ። ወንድሜ በእነሱ ጣጣ እስር ቤት የሚከርም መሰለኝ።

እሑድ ገና ሳይነጋ የሲኞራ ቤት ደወል ጮኸ። ልሳደብ አፌን ከፍቼ ነው በሩን የከፈትኩት። እትዬ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በእኛ አገር ሰው በጎህ ተሰብስቦ የሚመጣው መርዶ ሲኖር ነው።

ማን እንደሞተ አልጠየቅኩም። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?» አልኩ።

«ከረቡዕ» አሉ እትዬ። «መርዶ በቀትር መንገድ ላይ አይነገርም። በማለዳ ሁላችንም ከሥራ ወጥተን የምንሰበሰበው እሑድ ብቻ ነው፤ እስከዚያ እንዳትሄጂብን ብለን ነው ያሸከምንሽ። እኛስ ምን ስለት አለን፣ ልጄ?»